ትምህርቱ ሲከብድ፦ አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ከሐኪሙ ምን ይዞ ይሂድ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሰበታ ስሟ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ጋር አብሮ የሚነሳ ከተማ ናት። የሰበታ መርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ልጆችን ተቀብሎ ብሬል ሲያስተምር ዐሥርት ዓመታትን አስቆጥሯል። በከተማዋ የሚገኘው የመምህራን ኮሌጅም የልዩ ፍላጎት መምህራንን በማሠልጠን ይታወቃል። ይሁንና መርሐ ዕውራኑ የሚያስተምረው እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው የሚሄደው ዓይናማ እኩዮቹ ወደሚማሩበት መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ይህ ሽግግር ቀላል አይደለም። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ መጽሐፉ ይወፍራል፤ መምህሩም ሰሌዳው ላይ እየጻፈ «ይህ ከዚህ ሲቀነስ» እያለ ያልፋል። መጨረሻው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም ከ100 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ እንደነበሩ አንባቢ አይዘነጋም። ጤናማ ዓይንና ጆሮ ላለውም የከበደ ፈተና የማያይ፣ በደንብ የማይሰማ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ላይ ሲደርስ ክብደቱ ይጨምራል።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ካጣች በኋላ በሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ቀጥሎም በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ተምራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር «ጎበዝ ከሆነ ያልፋል» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎበዝ ሆኖ የሚያነበው ነገር ያላገኘ ተማሪ አያልፍም።

ታዲያ ሐኪም እዚህ ላይ ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። ትምህርት ቤትም ሆነ ፈተና አስፈታኝ የተለየ ድጋፍ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚፈልገው የሕክምና ማስረጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ከሐኪሞች እጅ የሚወጣው ወረቀት ግን «የማየት ችግር አለበት» ወይም «የሚጥል በሽታ ታካሚ ነው» ከሚል አንድ መስመር አይዘልም። የበሽታው ስም ለመምህሩ የሚነግረው ነገር የለም። መምህሩ ማወቅ የሚፈልገው ልጁ የት ይቀመጥ፣ ፊደሉ ምን ያህል ይተልቅ፣ ስንት ደቂቃ ይጨመርለት የሚለውን ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። «ተማሪዋ በመነጽር ታግዛ የሁለቱም ዓይኖቿ እይታ 6/60 ነው። ከሰሌዳው ከ2 ሜትር በላይ ስትርቅ የተጻፈውን አታነብም። በ18 ነጥብ ፊደል የታተመ ጽሑፍ ግን ከ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ታነባለች። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣባት ትቸገራለች።» ይህን ያነበበ መምህር ማንንም ሳይጠይቅ ፊት ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ያስቀምጣታል። የጽሕፈት ክፍሉ ሠራተኛም የፈተናውን ወረቀት ከኤ 4 ወደ ኤ 3 አጉልቶ ፎቶ ኮፒ ያደርግላታል፤ በዚህም 12 ነጥብ የነበረው ፊደል ወደ 17 ገደማ ያድጋል። ወጪው የጥቂት ወረቀት ነው።

ስለ እይታ ይህን ያህል ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ዓይነ ስውር» በሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ዓይነት ሰው አለ። በሕክምናው አነጋገር የተሻለው ዓይኑ ከ3/60 በታች የሚያይ ሰው፣ ማለትም ጤናማ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን እሱ በ3 ሜትርም የማይለይ ከሆነ፣ ዓይነ ስውር ይባላል። ከ3/60 በላይ ሆኖ ከ6/18 በታች የሚያየው ደግሞ ጭላንጭል እይታ ያለው ነው። በ1998 ዓ.ም በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3 ነጥብ 7 በመቶው ደግሞ ጭላንጭል እይታ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። በተለያዩ አገሮች በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች በተደረጉ ምርመራዎችም ብሬል ብቻ ሲማሩ ከቆዩት መካከል በመነጽርና በማጉያ ታግዘው የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉ ልጆች ተገኝተዋል።

ስለዚህ ልጅዎ በሕፃንነቱ በኩፍኝ፣ በቫይታሚን ኤ እጥረት፣ በዓይን ሞራ ወይም በግላኮማ እይታው ተጎድቶ «አይድንም» ተብሎ ከተመለሰ፣ 9ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት እንደገና ይመርመር። «አይድንም» ማለትና «ሊታገዝ አይችልም» ማለት አንድ አይደሉም። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። መነጽር እይታቸውን ሙሉ በሙሉ አያስተካክልም፤ ጥላ ያለው መነጽር፣ ባርኔጣና ትልቅ ፊደል ግን ብዙ ይለውጣል። ከሰበታ ለሚነሳ ሰው አለርት ሆስፒታል በዚያው በጅማ መንገድ ላይ ነው፤ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡም በሪፈር አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ሊደርሱ ይችላሉ።

ጨርሶ ለማያይ ተማሪ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ጎበዝ የብሬል አንባቢ የሚያነበው ዓይናማው ከሚያነብበት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ነው። በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ሁለት ቦታ ይይዛል። በስሌትና ስታይለስ የሚጽፍ ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይጽፋል፤ የጻፈውን ለማረጋገጥ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። የሚያነብለት ሰው ከተመደበለትም ጥያቄውን ሁለት ሦስት ጊዜ ማስደገም ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓት ስጦታ ወይም ርኅራኄ ተደርጎ መታየት የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ መግቢያ በሚሰጠው ፈተና ድጋፍ ለተፈቀደላቸው ተማሪዎች ጊዜው በግማሽ፣ እንደ ሁኔታውም በእጥፍ ይጨመራል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በትምህርት ላይ እንዲህ ያለ ማመቻቸት እንዲደረግ ያዛል።

የጆሮ ጉዳት ከዓይን ይልቅ ይደበቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው እየመገለ ያደገ ልጅ በቤት ውስጥ ይሰማል፤ በተጨናነቀና በሚጮህ ክፍል ውስጥ ግን የቃላት ጫፍ ያመልጠዋል። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲሆን የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግምቱ አይሠራም። 8ኛ ክፍል ድረስ ደኅና የነበረ ተማሪ 9ኛ ላይ በድንገት ውጤቱ ከወረደ «ሰነፈ» ከማለት በፊት የመስማት ምርመራ ይደረግለት። የሚመግል ጆሮ በዘይት፣ በቅጠል ጭማቂም ሆነ በእንጨት አይነካም።

የሚጥል በሽታ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጤና ጣቢያዎች በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ ትኩረትም ይቀንሳል። ተማሪው ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ከሆነ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ። በድንገት ማቋረጥ ተከታታይና አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ይልቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚወሰድበት ሰዓት፣ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ለሴት ተማሪዎች ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሲታሰብ በእርግዝና ወቅት በፅንስ ላይ ጉዳት ስለሚያስከትል ጉዳዩ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ክፍል ውስጥ ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፤ ሰዓት ያዙ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይጠቅምም፤ ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አይገባም፤ በሽታውም አይተላለፍም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሲነቃ ለተወሰነ ጊዜ ግራ ይጋባል፤ በዚያ ሰዓት ፈተና መልስ ማለት አይቻልም፤ ማስረጃው ላይም ይህ መጻፍ አለበት።

ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ መፈተናቸው ለእነዚህ ልጆች የራሱ አደጋ አለው። እንቅልፍ ማጣትና መድኃኒት መዝለል ሁለቱም መንቀጥቀጥን ይቀሰቅሳሉ። ተማሪው ለሚያድርባቸው ቀናት ከሚበቃው በላይ ትርፍ ኪኒን ከነማሸጊያው ይያዝ፤ ከአንድ የዶርም ጓደኛውም ጋር ስለ ሕመሙ ይነጋገር። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም ተማሪ ደግሞ በር ላይ ሲፈተሽ ማዳመጫ ነው ተብሎ እንዳይወሰድበት መሣሪያውን በስሙ የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ማስረጃውን ለመጠየቅ የተሻለው ጊዜ ክረምቱ ነው። የስፔሻሊስት ቀጠሮ ሊረዝም ስለሚችል በሰኔ ሪፈር ያጻፈ ወላጅ መስከረም ላይ ውጤቱን ይዞ ሊደርስ ይችላል፤ በፈተና ሳምንት የሚመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የልጁን ደብተርና አንድ መማሪያ መጽሐፍ ይያዙ፤ ከየት ርቀት እንደሚያነብ እዚያው ይለካል። ማስረጃው ማኅተምና ቀን ያለበት ይሁን፤ አንዱ ኮፒ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱ ለፈተና ምዝገባ ይሰጥ፤ ዋናው ግን ቤት ይቀመጥ።