ቮልስ ለማደስ የሚሠራ ጋራዥ ስፋቱ ስንት ይሁን?

ለመሆኑ ለአንዲት መኪና የሚሠራ ቤት ስንት በስንት ይሁን? ይህን ብንጠይቅ አብዛኛው ሰው መኪናዋን ለክቶ፣ ጥቂት ጨምሮ ይመልስልናል። መኪናዋ ለማደር ብቻ የምትገባ ከሆነ መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን አሮጌ መኪና በግቢያችን ውስጥ ፈትተን፣ ዝገቷን ጠርገን፣ ቀስ በቀስ መልሰን ለመግጠም ካሰብን ስሌቱ ሌላ ይሆናል። የተፈታች መኪና ከተገጠመችው ይበልጥ ቦታ ትይዛለች። (እዚህ ላይ «ጋራዥ» ስንል በግቢ ውስጥ የሚቀለሰውን የመኪና ቤት እንጂ መካኒክ ዘንድ ያለውን አይደለም።)

ለምሳሌ ያህል ሁላችንም የምናውቃትን ቮልስዋገን እንውሰድ። ይህች ጀርባዋ የጎበጠ መኪና እ.ኤ.አ. በ1938 መሠራት ጀምራ፣ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ተሠርታለች። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ ስትመላለስ እናያታለን። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህማ፣ አባት ለልጁ ያወረሳትን ቮልስ «ትጣል» የሚል ሰው ቀንሷል። ችግሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ በበጋ በሞቀ ስሜት ይፈታታል፤ ክረምት ሲገባ መሪው አልጋ ሥር፣ ወንበሩ ሳሎን፣ ኮፈኑ ውጪ ዝናብ ላይ ይሆናል። ብሎኑ ይጠፋል። በሁለተኛው ዓመት ለቁራሌው በኪሎ ትሸጣለች። እንዲህ ያለቀች መኪና ታሪኳ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቦታም ጭምር ነው።

እንግዲህ እንለካ። ቮልስ ርዝመቷ 4.07 ሜትር፣ ወርዷ 1.54 ሜትር ያህል ነው። ቆማ የምትሸፍነው መሬት 6.27 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አሁን በሩን እንክፈተው። ባለ ሁለት በር መኪና ስለሆነች በሯ ረጅም ነው፤ ተከፍቶ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲሠራ በግራም በቀኝም 1.20 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ወርዱ 1.54 ሲደመር 2.40፣ ወደ 4 ሜትር ተጠጋ። ወደ ርዝመቱ ስንመጣ፣ መኪናዋ በአፍንጫዋ በኩል ትግባ። ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት 60 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ የሥራ ጠረጴዛ ከነሞርሳው ይቀመጣል፤ በጠረጴዛውና በመኪናዋ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዋል። ከኋላዋ ደግሞ 1.40 ሜትር። ድምሩ 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 4 በ7፣ ሃያ ስምንት ካሬ ሜትር! መኪናዋ ከምትሸፍነው መሬት አራት እጥፍ ተኩል ያህል ማለት ነው።

ከኋላ ይህን ያህል ለምን ተተወ? የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎኖች ሲሆን፣ እነሱ ሲፈቱ ወደ ኋላ ተስቦ ከፍሪሲዮኑ ይላቀቅና ወደ ታች ይወርዳል። ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ከሥር የሚቀበለው ክሪክ፣ ክሪኩን የሚገፋው ሰው፣ ሞተሩ ወጥቶ የሚያርፍበት ሥፍራ፣ ሁሉም ያንን 1.40 ሜትር ይሻማሉ። ሞተሩ ወደ በሩ ዞሮ መቆሙም ብርሃን ይሰጠናል። ታዲያ ይህ ሲሆን የመኪናዋ ኋላ ከፍ ብሎ ይያዛልና፣ በክሪክ ብቻ ተይዛ ማንም ሰው ከሥር እንዳይገባ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመደገፍ አይደለም። ወፍራም የብረት መደገፊያ ሳይቆም ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ሕይወቱን ለአንድ ትንሽ የዘይት ጎሚኒ አደራ ሰጠ ማለት ነው። ጠባብ ቤት ደግሞ ለዚህ ይገፋፋል፤ መደገፊያውን የሚያቆሙበት ቦታ ሲጠፋ «ለአንድ ደቂቃ ነው» ይባላል።

ወደ ትልቁ ሥራ እንለፍ። የቮልስ አካል ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ዙሪያውን ተፈትቶ ለብቻው ይነሣል። ዕቃው ሁሉ ከወጣለት ስድስት ጠንካራ ሰው ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የነበረችው መኪና ሁለት ትሆናለች! ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ 1.54 ሁለት ጊዜ፣ ሦስት መተላለፊያ በየ80 ሳንቲ ሜትሩ፣ ድምሩ 5.48 ሜትር። ስለዚህ 5.5 በ7። ይህን የሚችል ግቢ ያለው ይሥራ። ለሌለው ግን ዘዴ አለ፤ አካሉን አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በጠንካራ አግዳሚዎች ላይ ማስቀመጥና ሻንሲውን በጎማው ላይ እንዳለ ከሥሩ መግፋት ነው። ቀን ቀን ሻንሲው ወደ ደጅ ወጥቶ ይሠራል፤ ማታ ተመልሶ ከአካሉ ሥር ይገባል። ይህ ሲሆን ቁመቱን አትርሱ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ከ2.70 እስከ 3 ሜትር ካልሆነ ከፍ ያለው አካል ከላይ ያለውን እንጨት ይነካል። እኔ ባለ 4 በ7 ሆኖ ጣሪያው ከፍ ያለውን ከሰፊውና ዝቅ ካለው እመርጣለሁ።

ፓራፋንጎ አራት፣ ኮፈን ሁለት፣ በር ሁለት፣ ወንበርና መስተዋት መሬት ላይ ከተዘረጉ መተላለፊያውን ስለሚበሉት በግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ብሎንና ዳዶ በየቆርቆሮው፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት።

ጉድጓድ ልቆፍር ወይ የሚል አይጠፋም። ባይቆፈር ይሻላል። አንደኛ በክረምት ውኃ ይሞላዋል። ሁለተኛ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ እጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበቃዋል። በዚሁ ምክንያት ከግድግዳው በታችኛውም በላይኛውም በኩል፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መናፈሻዎች ይተዉ፤ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃም አይግባ። ቡናው ውጪ ይፈላ! ሞተር በሩ ተዘግቶ ማስነሣትም ያው በዝግ ቤት ከሰል እንደ ማቀጣጠል ነው፤ የሚገድለው ሽታ የሌለው ጋዝ አንድ ዓይነት ነው።

ቀለም ለመርጨት ተብሎ ቤቱን ማስፋት ደግሞ ገንዘብ መጣል ይመስለኛል። አንዳንዱ የመኪና ቀለም ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ ነው፤ ተራ የጨርቅ መሸፈኛ አያድንም። የላሜራውን ሥራ እቤት ጨርሶ ለቀቢው መውሰድ ይበጃል።

በሩ 2.50 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከግቢው መዝጊያም ጋር በቀጥታ ቢተያይ መልካም ነው። ሞተር የሌላት መኪና በሰው ትከሻ ነውና የምትገባው። ወለሉ ከግቢው መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ መግቢያው ግን በዝግታ ይዘቅዝቅ።

መኪናው ቮልስ ካልሆነስ? ፔዦ 504 ርዝመቱ 4.49፣ ወርዱ 1.69 ሜትር ስለሆነ ቤቱ ወደ 4.15 በ7.40 ያድጋል። ፊያት 600 ግን 3.22 በ1.38 ናትና 6.20 ሜትር ርዝመት ያኖራታል። እንደ 1959ኙ ካዲላክ ያለ 5.70 ሜትር የሚረዝም የአሜሪካ መኪና በሚታደስበት አገር የተጻፈ መጽሐፍ የሚሰጠውን ልክ እንዳለ መቅዳት ግን አያስፈልግም።

ለሒሳብ መምህራን ይህ ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል። በ1 ለ20 ሚዛን ቮልስ 20.3 በ7.7 ሳንቲ ሜትር የሆነች ካርቶን ናት፤ ቤቱ 35 በ20 ሳንቲ ሜትር። ተማሪው ካርቶኗን እያንቀሳቀሰ በሯን ይክፈት፣ ሞተሯን ያውጣ። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ በገመድና በችካል ይዘርጋው፤ ማዕዘኑንም በ3፣ 4፣ 5 ሜትር ሦስት ማዕዘን ያረጋግጥ።

ገመዱ 3 ሜትር ላይ አጥር ቢነካስ? ያን ጊዜ አካሉን ከሻንሲው አትለያዩት። መኪናዋን ወደ አንዱ ግድግዳ አስጠግታችሁ በሌላው ጎን 1.25 ሜትር ያህል ታገኛላችሁ፤ ያን ጎን ስትጨርሱ አውጥታችሁ አዙራችሁ አስገቧት። ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ አንድ ፓራፋንጎ በአንድ ጊዜ፤ የመጀመሪያው ተገጥሞ ሳያልቅ ሁለተኛው አይፈታ።