ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ምርመራ

ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ምርመራ ማለት ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በተሽከርካሪው ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ሻንሲና ሰነዶች ላይ የሚያደርገው ፍተሻ ነው። ፒክአፕ ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ደግሞ ክፍት የጭነት ቦታ (ካሶኒ) ያለው ተሽከርካሪ ነው። ባለ አንድ ረድፍ ወንበሩ ሲንግል ጋቢና፣ ባለ ሁለት ረድፉ ደብል ጋቢና ይባላል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ውስጥ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ኢሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና ፎርድ ሬንጀር ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ በተለይ ሃይሉክስን በምሳሌነት ይወስዳል።

ፒክአፕ የቤት መኪናም የሥራ መኪናም በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፤ በኮረኮንች መንገድም ይነዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አድርጓል። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው በቀላሉ አይወርድም። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ግዢ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ አንድ ሞተር አውርዶ ማደስ ደግሞ ከዚያ ቁጠባ የተረፈውን ሊጨርስ ይችላል።

የናፍጣ ሞተር አሠራር

የናፍጣ ሞተር በጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ስም ይጠራል። ዲዝል የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1893 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሚገባ የሠራው የመጀመሪያ ሞተሩ የተሞከረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 22 እጥፍ ሲያምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ኖዝል የሚረጨው ናፍጣም በዚያ ሙቀት በራሱ ይቀጣጠላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሞተሩ ጤንነት በእምቅታው ይለካል፤ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ከተበላ አየሩ ይሾልካል፣ ሙቀቱ ያንሳል፣ ሞተሩም አልነሣ ይላል። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል እጅግ ጥቃቅን ክፍተቶች ያሏቸው ውድ ክፍሎች ናቸው፤ ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ ያበላሻቸዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ የሞተር ፍተሻዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች በውጭ ምልክት የሚያሳዩ ናቸው።

የሃይሉክስ ትውልዶችና ሞተሮች

ሃይሉክስ መመረት የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ገዢ የሚያገኛቸው በአብዛኛው የሚከተሉት ሦስት ትውልዶች ናቸው።

ስድስተኛው ትውልድ (ከ1997 እስከ 2005 እ.ኤ.አ.)፦ ቱርቦ የሌለው 3.0 ሊትር 5ኤል ሞተር የተገጠመላቸው አሉ። ጉልበቱ አነስተኛ ቢሆንም አሠራሩ ቀላል ነው፤ በየከተማው ያለ መካኒክ ያውቀዋል።

ሰባተኛው ትውልድ (ከ2004 እስከ 2015 እ.ኤ.አ.)፦ በተለምዶ «ዲፎርዲ» የሚባለው ነው። 2.5 ሊትር 2ኬዲ ወይም 3.0 ሊትር 1ኬዲ ሞተር አለው። ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒዩተር ትእዛዝ ይረጫል።

ስምንተኛው ትውልድ (ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ)፦ 2.4 ሊትር 2ጂዲ ወይም 2.8 ሊትር 1ጂዲ ሞተር አለው።

ልዩነቱ ለገዢ ትርጉም አለው። የ5ኤልና የኬዲ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሲሆን በጊዜው መቀየር አለበት፤ ለኬዲ ሞተሮች የተለመደው ገደብ 150,000 ኪ.ሜ. ነው። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩ ይጎዳል። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ መቁጠርና ወጪውን ከዋጋው ላይ ማሰብ ይበጃል። የጂዲ ሞተሮች በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት አላቸው።

በ1ኬዲ ሞተር ላይ የታወቀ ሌላ ችግር አለ። ከኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጥላሸቱ ዘይቱን እንደ ቅጥራን ያወፍረዋል፣ በኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊትም ይደፍናል። ዘይት ያጣ ሞተር ኩሽኔታዎቹን ይበላል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ መኖሩ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም የዘይት መብራቱ ቶሎ አለመጥፋቱ የዚህ ችግር ምልክቶች ናቸው።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ ማየት

ዋናው ደንብ መኪናውን ሞተሩ ሳይነሣ ማግኘት ነው፤ ጠዋት ማለዳ ይመረጣል። ገዢው ሲደርስ በኮፈኑ ላይ እጁን ቢያሳርፍ ይበቃል። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ የእምቅታ ድካሙን ይደብቃል። እንዲህ ከሆነ በሌላ ቀን ተመልሶ ማየት ይሻላል።

ቁልፉ ሲዞር የካንዴሌታ መብራት በርቶ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ጤነኛ ሞተር በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ ሞተሪኖው ብቻ ከዞረ፣ ከተነሣም በኋላ ከተንገጫገጨ ምክንያቱ የተቃጠለ ካንዴሌታ፣ የደከመ ኖዝል ወይም የወረደ እምቅታ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ሦስተኛው ሞተር ማውረድን ይጠይቃል። ሁለቱን ለመለየት መካኒክ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ የእምቅታ መለኪያ ይገጥማል።

የጭስ ቀለም

ጥቁር ጭስ፦ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። የተደፈነ የአየር ፊልትሮን፣ የተበላሸ ኖዝልን ወይም የደከመ ቱርቦን ያመለክታል።

ሰማያዊ ጭስ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ፋሻው፣ የቫልቭ ጎማው ወይም ቱርቦው አልቆ ሊሆን ይችላል።

ነጭ ጭስ፦ በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ መታየቱ የተለመደ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም ናፍጣ ሳይቃጠል እየወጣ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታ ይታሰባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ይሳሳል፤ ግፊቱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የአየሩን መሳሳት በአብዛኛው ስለሚያካክስ፣ በጭስ መሸፈኑ ጥያቄ ያስነሣል።

ትንፋሽ፣ ዘይትና ውሃ

ሞተሩ በዝግታ እየዞረ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈትና ተገልብጦ በቀዳዳው ላይ ይቀመጣል። ጥቂት መንቀጥቀጥ ያለ ነው። ክዳኑ ከተወረወረ ወይም ጭስ በኃይል ከወጣ የታመቀው ጋዝ በፋሻው በኩል እየወረደ ነው፤ መካኒኮች «ሞተሩ ይተነፍሳል» የሚሉት ይህንን ነው።

የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ስለሚጠቁር ጥቁርነቱ ብቻ አያስፈራም። ወተት የመሰለ ዘይት ግን ውሃ ገብቶበታል። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው፤ በሞቀበት መክፈት ፊትና እጅን ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፉ ወይም ሞተሩ ሲነሣ ሳይቋረጥ አረፋ ማውጣቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸቱን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ይጠቁማል። የዛገ ቡናማ ውሃ ደግሞ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ተራ የቧንቧ ውሃ ይጨምር እንደነበር ይናገራል።

እጅግ ንጹሕ ሆኖ የታጠበ ሞተርም ያጠራጥራል፤ የዘይት ፍሳሽ የሚታየው ከጥቂት ቀን አቧራ በኋላ ነውና።

ሻንሲና ባሌስትራ

የፒክአፕ አካል የተቀመጠው በሁለት ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች ላይ ነው። ይህ ሻንሲ ከተሰነጠቀ ወይም ከታጠፈ መኪናው ሲጫንና ሲታጠፍ አቅጣጫውን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፣ የሕይወትም ነው። ምርመራው መኪናው በጉድጓድ ወይም በማንሻ ላይ ሆኖ ከሥር ይደረጋል። የብየዳ ምልክት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ፣ በካሶኒውና በጋቢናው መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ አለመመሳሰሉ ይታያሉ።

ተጨማሪ ንጣፍ የተጨመረበት ባሌስትራ መኪናው ከባድ ጭነት ሲሸከም እንደኖረ ይመሰክራል። የአብዛኛው ሃይሉክስ የመጫን አቅም አንድ ቶን ገደማ ነው። ላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት ማስጠጋትም ይጠቅማል፤ ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ፣ ማለትም መኪናው ተጋጭቷል።

የሙከራ ጉዞ

ፍሪሲዮን፦ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ የሞተሩ ዙር ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ካምቢዮ፦ ማርሽ ሲገባ መፋጨት ወይም ማርሹ በራሱ መውጣት የለበትም።

ቱርቦ፦ ጉልበቱ ሳይቆራረጥ መጨመር አለበት። ከፍ ያለ ፉጨት ወይም የብረት መፋጨት ድምፅ የዘንጉን መላላት ያሳያል።

ፎር ዊል፦ የሃይሉክስ ፎር ዊል የሚሞከረው በአፈር ወይም በጠጠር ላይ ነው። የፊትና የኋላ ዘንጎች በአንድነት ስለሚቆለፉ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ መታጠፍ ክፍሎቹን ያስጨንቃል።

መሪና ፍሬን፦ እጅ ለአፍታ ሲላላ ወይም ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብ የለበትም።

የተነዳው ርቀት

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ ዲጂታሉ ጭምር፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ይነጻጸራል። 90,000 ኪ.ሜ. በሚያሳይ መኪና ላይ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ፣ መሪው ከለሰለሰና የሾፌሩ ወንበር ከተቀደደ ቁጥሩ አያስተማምንም። የዘይት መቀየሪያ ካርዶችና የጋራዥ ደረሰኞች ከቆጣሪው የበለጠ ይታመናሉ።

ሰነዶች

ሞተሩ ጤነኛ የሆነ መኪና በሰነድ ምክንያት ሊጠፋ ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን የላቲኖቹ አይ፣ ኦ እና ኪው ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ወይም የቁጥሩ ዙሪያ ከተፋቀ ቁጥሩ ተነካክቷል።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉት ይረጋገጣሉ፦ ዓመታዊው ምርመራ (ቦሎ) መታደሱ፣ የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩ፣ መኪናው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነጻ መሆኑ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡና ታክሱ ሳይከፈል መብቱ ወደሌለው ሰው ስለማይዛወር ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል።

ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው ይቀራል። ያን ጊዜ ገዢው መኪናውን እየነዳ ከወራሾች ጋር ሊሟገት ይችላል።

ከምርመራው በኋላ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ላልታየ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ነገር ግን ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ገዢው የሚያውቀው ወይም በግልጽ ይታይ የነበረ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም። ስለዚህ ሻጩ የሰጠው ተስፋ፣ ለምሳሌ «ቺንጋው ተቀይሯል» ማለቱ፣ በውሉ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል።

የተገኙት ጉድለቶች በሦስት ይከፈላሉ። ጎማ፣ ካንዴሌታ፣ ፊልትሮና የመሳሰሉት በድርድር ከዋጋው ይቀነሳሉ። ቱርቦ፣ ኖዝልና ፍሪሲዮን አስቀድሞ በጋራዥ ተገምተው ነው ድርድር የሚደረግባቸው። የተሰነጠቀ ሻንሲ፣ የሚተነፍስ ሞተርና የተነካካ የሻንሲ ቁጥር ግን ዋጋ ቢቀነስም መኪናውን ለመተው በቂ ምክንያት ናቸው። ምርመራውን የሚያደርገው መካኒክ ገዢው ራሱ የመረጠው እንጂ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መሆን የለበትም።