ጆሮ ራሱ የሚያሰማው ድምፅ

ጆሮ ተቀባይ እንጂ ሰጪ መስሎ አይታየንም። አፍ ይናገራል፣ እጅ ይሠራል፤ ጆሮ ግን የመጣለትን ድምፅ ከማስገባት በቀር ከራሱ የሚያወጣው ነገር ያለ አይመስለንም። ዳሩ ግን ጤናማ ጆሮ እጅግ ረቂቅ የሆነ ድምፅ ከውስጡ ያወጣል። ይህም ድምፅ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን መስማት አለመስማቱን ለመመርመር ስለሚያገለግል፣ የልጅ ወላጅ የሆነ ሁሉ ነገሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘና በፈሳሽ የተሞላ አካል አለ። በዚህ አካል ውስጥ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሕዋሳት በረድፍ በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። በውስጥ በኩል ያሉት 3,500 ያህሉ ድምፁን በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ያደርሳሉ። በውጭ በኩል ያሉት 12,000 ያህሉ ደግሞ ድምፅ ሲነካቸው እየተኰማተሩና እየተዘረጉ ደካማውን ድምፅ ያጐላሉ። ከዚህ እንቅስቃሴያቸው ጥቂቱ በመካከለኛው ጆሮ አጥንቶችና በታምቡሩ በኩል ወደ ውጭ ይመለሳል። ጆሮ ያሰማል የምንለው ድምፅ ይኸው ነው።

ቶማስ ጎልድ የተባለ ሊቅ ጆሮ ድምፅን ዝም ብሎ የሚቀበል ሳይሆን ከራሱ ኀይል የሚጨምር መሆን አለበት ብሎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ጽፎ ነበር፤ በጊዜው ግን የተቀበለው አልነበረም። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከሰው ጆሮ የሚመለሰውን ድምፅ በመሣሪያ ቀድቶ ለዓለም ገለጠ።

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው። ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ፣ ድምፅ ማሰሚያና ማይክሮፎን በአንድነት የያዘ ለስላሳ መሰኪያ በጆሮው ቀዳዳ ይገባል። መሣሪያው አጫጭር ድምፆችን ያሰማና ከጆሮው የሚመለሰውን ይለቅማል። መልስ ከተገኘ እነዚያ ሕዋሳት ሥራቸውን ይሠራሉ ማለት ነው። ሕፃኑ ሕመም አይሰማውም፤ ሥራውም በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ መልስ ጠፋ ማለት ሕፃኑ አይሰማም ማለት አይደለም። ከልደት የቀረ እድፍ በጆሮው ቀዳዳ ቢኖር፣ ከታምቡሩ በስተጀርባ ፈሳሽ ቢገኝ ወይም ክፍሉ ቢንጫጫ ድምፁ ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ሳይደነግጡ፣ ደግሞም ሳይዘናጉ፣ ምርመራውን ማስደገም ይገባቸዋል። በሌላ በኩል፣ ጕዳቱ በነርቩ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ጆሮው ድምፅ እያወጣ ሕፃኑ ላይሰማ ይችላል። ይህ የሚታወቀው የአንጎልን ምላሽ በሚለካ ሌላ ምርመራ ነው። ማጅራት ገትርና አንዳንድ መድኃኒቶችም ደኅና የነበረውን ጆሮ ኋላ ሊጐዱት ይችላሉ።

መቸኰሉ ለምን ይሆን? መስማት የተሳነው ሕፃን እንደ ማንኛውም ሕፃን ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ያጕተመትማል። በር ሲወረወር በንዝረቱ ሊደነግጥ ይችላል፤ ወላጆቹም «ይሰማል» ብለው ይቀመጣሉ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሞልቶት አለመናገሩ ሲታይ ግን አንጎል ቋንቋ የሚቀበልበት መልካሙ ጊዜ እያለፈ ነው። ይባስ ብሎም ልጁ እልኸኛ ወይም ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ተደርጎ በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ችግራቸው 6 ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸውና እርዳታ ያገኙ ሕፃናት በቋንቋ ችሎታ ዘግይተው ከታወቁት በልጠው ተገኝተዋል።

የሙያው ሊቃውንት የሚመክሩት እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራ በ1 ወር፣ የሕመሙ ማረጋገጫ በ3 ወር፣ እርዳታው በ6 ወር ውስጥ ይሁን። በእኛ ቤተ ሰብ አቈጣጠር፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ከመነሣቱ በፊት፣ ሁለተኛውም ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ከተነሣች ጥቂት ቀን በኋላ ይሞላል ማለት ነው።

መሣሪያው በየሐኪም ቤቱ አይገኝ ይሆናል። ቢሆንም ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ብርቱ የወፍ በሽታ ከያዘው፣ ወይም በቤተ ሰቡ መስማት የተሳነው ካለ፣ የጆሮ ሐኪም ፈልጎ መጠየቅ የወላጅ ፈንታ ነው። በማዳመጫ መሣሪያም ሆነ በምልክት ቋንቋ፣ ቶሎ የተደረሰለት ልጅ ከእናትና ከአባቱ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ አያጣም።