የጋምቤላ በጀት ሲያንስ ተጠያቂው ማን ነው?

ስለ ጋምቤላ በጀት በተወራ ቁጥር «የክልሉ ፓርቲ የኢሕአዴግ ጥምረት አባል ሆኖ ሳለ ቅነሳውን ዝም ብሎ ተቀበለ» የሚል ወቀሳ ይሰማል።

እውነታው ሌላ ነው። የክልሉ ፓርቲ ጋህአዴን «አጋር» እንጂ የግንባሩ አባል አልነበረም። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ሊቀ መንበሩን የመረጠው የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን 45፣ 45 ይዘው ነው የገቡት። የጋምቤላ፣ የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝና የሐረሪ ፓርቲዎች አንድም ድምፅ አልነበራቸውም። ድምፅ የሌለው ወገን በምን ይደራደራል?

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወግ አጥባቂዎች ጋር መንግሥት የመሠረቱት ሊበራል ዴሞክራቶች ግን 57 መቀመጫ ነበራቸው፤ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር ቃል ገብተው ሳለ መንግሥታቸው ጣሪያውን 9,000 ፓውንድ አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2015 ምርጫ 8 መቀመጫ ብቻ ተረፋቸው። ወቀሳው ለእነሱ የሚገባ ነበር።

«ከፌዴራል መንግሥት ለክልሉ የሚመጣውን ድጎማ የሚወስነው የክልሉ አመራር ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ቀመሩን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያወጣል፤ በጀቱን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ጋምቤላ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት ወንበር 3 ነው።

ሦስተኛው እምነት በክልሉ ያለውን የጀዊ የስደተኞች መጠለያ ይመለከታል፤ የስደተኞች ራሽን ሲቀንስ «ክልሉ ቆረጠው» ይባላል። የለይቹዎር መጠለያ በጎርፍ ከተጥለቀለቀ በኋላ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ መጠለያ ስንዴውንም ዘይቱንም የሚያገኘው በዓለም ምግብ ፕሮግራም በኩል፣ ከለጋሽ አገሮች ገንዘብ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እርዳታ ተዘርፏል ተብሎ በመላ አገሪቱ እደላው ለወራት ሲቋረጥ ውሳኔው የጋምቤላ አልነበረም። የለጋሾች ውሳኔም ይለዋወጣል፤ ያው የእንግሊዝ ጥምር መንግሥት ሌላውን በጀት ሲቆርጥ የውጭ እርዳታን አልነካም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ የነበረው መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ የነበረውን ወደ 0.5 አወረደው። የእናቶች ድስት ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ የክልሉን ሹማምንት ነጻ አያወጣም። ድጎማው ከደረሰ በኋላ ለወረዳና ለቢሮ የሚያከፋፍለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ጋህአዴንም ኅዳር 2012 ዓ.ም. ወደ ብልጽግና ፓርቲ ተዋህዷል፤ «ድምፅ አልነበረንም» የሚለው ምክንያት ከዚያ ወዲህ አይሠራም። ስለዚህ የምክር ቤት ተወካያችሁን ስታገኙ ከመጣው ድጎማ ለደመወዝ ስንት፣ ለመድኃኒት ስንት እንደተመደበ ጠይቁት፤ መልሱንም በቁጥር እንዲሰጣችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።