ላሜራን እንደ ቅል ማጉበጥ፦ በእጅ ስለሚሠራው የአርት ዴኮ ኤሌክትሪክ ብስክሌት

አርት ዴኮ የሚባለው የጌጥ ስልት ስሙን ያገኘው በ1925 በፓሪስ ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጌጥና የዘመናዊ ኢንዱስትሪ ጥበባት ዐውደ ርእይ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1930ዎቹም በተለይ በአሜሪካ ከሹል ማዕዘን ወደ ለስላሳ፣ እንደ ውሃ ጠብታ ፊቱ ሞላ ኋላው ቀጠን ወደሚል ቅርጽ አዘንብሎ ባቡሩንም፣ ራዲዮኑንም፣ ብስክሌቱንም አንድ ዓይነት ልብስ አለበሳቸው። በ1934 የወጣው ሽዊን ኤሮሳይክል ነዳጅ የማይገባበት፣ የሞተር ብስክሌት ታንከር የሚመስል ሽፋን ነበረው፤ በ1935 የተከተለው ኤልጂን ብሉበርድ ደግሞ ታንከሩን ከአጽሙ ጋር አዋሕዶ የፍጥነት መለኪያውን በውስጡ አሳረፈ። ዛሬ በየግል ወርክሾፑ አንድ በአንድ የሚሠሩት የብረት አካል ያላቸው ኤሌክትሪክ ብስክሌቶች የእነዚህ ዘር ናቸው።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን ለዚህ ቅርጽ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ቤንጃሚን ቦውደን በ1946 ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ያቀረበው ብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ ኃይል አጠራቅሞ ዳገት ላይ መልሶ የሚሰጥ መሣሪያ በመንኮራኩሩ እምብርት እንዲኖረው ታስቦ ነበር፤ በ1960 አሜሪካ ውስጥ ስፔስላንደር ተብሎ ለገበያ ሲወጣ ግን መሣሪያው ቀርቶ አካሉ ፋይበርግላስ ሆነ፣ የተሠራውም 522 ገደማ ብቻ ነው። ያ ሐሳብ በዘመኑ ያጣውን ባትሪ ዛሬ አግኝቷል።

የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ተገዝተው የሚገጠሙ ናቸው፤ በመንኮራኩሩ እምብርት የሚቀመጥ ሞተር፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን መቆጣጠሪያ፣ እና አብዛኛውን ጊዜ 13 የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 48 ቮልት ተብሎ የሚጠራውን ኃይል የሚሰጡበት ባትሪ። ቅርጹ ነፋስ ለመሰንጠቅ ነው የሚለውም አባባል ብዙ አያስኬድም፤ በብስክሌት ላይ አብዛኛውን የነፋስ ግፊት የሚቀበለው ቀና ብሎ የተቀመጠው የነጂው ገላ ነውና። የማይገዛው፣ ሊከበርም ሲገባው የሚናቀው የላሜራው ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የዚህ ሙያ ባለቤት ባትላሜራ ይባላል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላሜራ መቺ ማለት ነው። ስሙ መምታቱን ብቻ ስለሚናገር ብዙ ሰው ሙያው ብረትን በጉልበት ቀጥቅጦ ማጠፍ ይመስለዋል፤ ከዚህ የበለጠ ሥር የሰደደ ስሕተት ግን በዚህ ዘርፍ አይገኝም። ማጠፍና ማጉበጥ የተለያዩ ናቸው። የቆርቆሮ አክንባሎ የሚሠራ ሰው ከክብ ቆርቆሮ ላይ አንድ ሽንሽን ቆርጦ ጠርዞቹን ሲያገናኝ ሾጣጣው ቅርጽ ያለ ቅጥቀጣ ይወጣል፣ ቢፈታም ተመልሶ ዝርግ ይሆናል፤ ይህ ነጠላ ጉብጠት ነው። የቅል ሆድ ግን ቁልቁልም አግድምም ስለሚጎብጥ ጥንድ ጉብጠት ይባላል፤ ሆዱ ከአንገቱ በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ በአንዱ አቅጣጫ ወደ ውጭ፣ በሌላው ወደ ውስጥ ጎብጦ የኮርቻን መልክ ይይዛል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1827 ባቀረበው ሥራ እንዳረጋገጠው፣ ዝርግ ገጽ የሆነ ቦታው ሳይለጠጥ ወይም ሳይኮማተር የቅሉን ሆድም ሆነ የኮርቻውን መልክ ሊይዝ አይችልም።

ይህ ረቂቅ የሚመስል ሕግ በጭቃ መከላከያው ላይ በሜትር ይለካል። መከላከያው መንኮራኩሩን በግማሽ ክብ የሚያቅፍ፣ የጎኖቹ ጠርዝም ከጀርባው በ5 ሴንቲ ሜትር ወደ መንኮራኩሩ እምብርት የቀረበ ቢሆን፣ የጀርባው መስመር ከጠርዙ 15.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስሌቱ 5ን በ3.14 ማባዛት ብቻ ነው። ላሜራው ዝርግ ሆኖ ሲቆረጥ ግን ጀርባና ጠርዝ እኩል ነበሩ፤ ስለዚህ ባለሙያው ወይ ጀርባውን በዚያ ልክ ማስረዘም፣ ወይ ጠርዙን ማሳጠር፣ ወይም ልዩነቱን ለሁለቱ ማካፈል አለበት፣ የሙያው ጥበብም በዚህ ምርጫ ላይ ያርፋል። የትኛው ቦታ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ በእንጨት በተሠራው የቅርጹ ልክ ላይ ወረቀት ያለብሳል፤ ወረቀቱ የሚሸበሸብበት ቦታ የሚኮማተር፣ የሚወጠርበትና የሚቀደድበት ቦታ ደግሞ የሚለጠጥ ነው።

ለመለጠጥ ላሜራው በአሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ተደርጎ በእንጨት መዶሻ ይመታል፣ ከዚያም የእንግሊዝ መንኮራኩር በሚባለው መሣሪያ፣ ማለትም በዝርግ የላይኛ እና በጎባጣ የታችኛ ብረት መካከል፣ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ይስተካከላል። ለማኮማተር ጠርዙ ሆን ተብሎ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሸበሸብና እጥፋቱ እንዳያመልጥ ከጫፉ ተይዞ ወደ ራሱ ውስጥ ይመታል፤ በዚህ ጊዜ ብረቱ ይወፍራል እንጂ አይጠፋም። ላሜራው አሉሚኒየም ከሆነ ሲመታ ስለሚጠጥር በየመሀሉ በእሳት ይለሰልሳል፤ ነገር ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪቀልጥ ድረስ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ባለሙያው ላሜራውን ሳሙና ይቀባዋል፤ ሳሙናው ጠቁሮ እንደ ተቆላ ቡና ሲሆን እሳቱን ያነሣል፣ ትንሽ ቢዘገይ የቀናት ልፋት በአንድ አፍታ ይንጠባጠባል።

ይህን ሁሉ የሚያዋርደው ጎድጓዳውን በስቱኮ የመሙላት ልማድ ነው። ስቱኮ ለቀጭን ጭረት የተሠራ ማስተካከያ እንጂ የመዶሻ ምትክ አይደለም፤ በብስክሌት ንዝረትም ወፍሮ የተቀባው ቦታ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ባትሪውንም ያለ አየር መተንፈሻ በሚያምረው ሆድ ውስጥ አሽጎ መተው፣ ሽቦውንም የጎማ ቀለበት ባልተበጀለት የላሜራ ቀዳዳ ማሳለፍ እኩል ነቀፋ ይገባቸዋል፤ ሙቀት የሴሎቹን ዕድሜ ያሳጥራል፣ የላሜራ ጠርዝም በንዝረት የሽቦውን ልባስ ይበላል። አካሉ ቢያንስ በአንድ ወገን በብሎን የሚከፈት መሆን አለበት።

ዓይን በሥራው መሀል ብዙ ስለሚታለል ባለሙያው የሚያምነው መዳፉን ነው፤ እጁን በላሜራው ላይ ቀስ ብሎ ሲያሳልፍ ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፉ ያገኘዋል፣ ሞረድ ሲያልፍበትም ጉብታው አብርቶ ይታያል። አካሉ ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ደግሞ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ነጸብራቁ አንድ መስመር ሆኖ ከመሪው እስከ ኋላ መብራት ሳይሰበር ቢፈስስ፣ ያ ሁሉ የተለጠጠና የተኮማተረ ብረት ቦታ ቦታውን ለመያዙ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።