አገር የሚያስከፍል ጨዋታ

ለልጅ አእምሮ ጥሩ ነው ተብሎ አቃቂና ቃሊቲም ውስጥ የካርቶን ፐዝል የሚገዛው ወላጅ በርክቷል። ክፋት የለውም፤ ልጁ ቁራጩን ከቁራጩ ሲገጥም ቅርጽ ይለያል፣ እጅና ዓይኑ አብረው መሥራት ይለምዳሉ፣ ትዕግሥትም ያገኛል። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንዲት ቁራጭ ሶፋ ሥር ስትገባ የሚያበቃውን ጨዋታ በገንዘብ እየገዛን፣ በነፃ ያገኘነውን እንቆቅልሽ የአያቶች ወሬ ብለን ትተነዋል።

አጨዋወቱ ለማንም አይጠፋውም። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፣ ጥያቄው ይከተላል። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል።

አገር መስጠቱን ብዙ ሰው የተሸናፊ ማሳፈሪያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የጨዋታው ዋና ብልሃት እሱ ነው ባይ ነኝ። «አገር ስጠኝ» የተባለ ልጅ ከተማ መጥራት አለበት። ቢሾፍቱን ቢሰጥ ጠያቂው «አነሰኝ» ይል ይሆናል፤ ስለዚህ ጎንደር፣ ሐረር፣ ጅማ እያለ ካርታውን በሐሳቡ ይዞራል። ከዚያ ተራው የአሸናፊው ነው። የተሰጠው አገር ሄዶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ማን እንዳስተናገደው እዚያው ፈጥሮ ያወራል፤ ተሸናፊውንም እግረ መንገዱን ይተርበዋል። ጅማ ደርሶ ቡና ያልጠጣ፣ ሐረር ገብቶ የጀጎልን ግንብ ያላየ ይሳቅበታል። አንዱ መሸነፍን በሰው ፊት መቻል ይማራል፣ ሌላው ደብተር ሳይዝ ድርሰት ይደርሳል። ይህን ሁሉ ባንዴ የሚያሠራ የቤት ሥራ እስካሁን አላየሁም።

የካርቶኑ ፐዝልም ዘሩ ከዚህ አይርቅም። በፈረንጆቹ 1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሠሪ፣ እንጨት ላይ የለጠፈውን ካርታ በየአገሩ ወሰን እየቆረጠ ለልጆች የጂኦግራፊ መማሪያ ይሸጥ ነበር። እሱ አገርን በመጋዝ አስተማረ፣ የእኛዎቹ በሽንፈት።

ጨዋታውን የሚገድሉት ቸኳይ አዋቂዎች ናቸው። ልጁ ገና ሲያስብ መልሱን ይዘረግፉታል፤ ወይም እንደ ፈተና ወረቀት ከአንዱ መልስ ሌላ አንቀበልም ይላሉ። ልጁ የሚማረው ግን አንድ ነገር አንሥቶ ከጥያቄው ጋር ሲያመሳክር፣ አልገጥም ሲለው ጥሎ ሌላ ሲያነሣ ነው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ አቃቂ አስፋልቱ ዳር ባለ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ነበር። አያትየው «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ብለው ጠየቁ። የሚጠበቀው መልስ ወንዝ ነው፤ የአቃቂ ወንዝም ሩቅ አይደለም። የልጅ ልጃቸው ግን «የጂቡቲ መኪና!» አለች። ሌት ተቀን ቤቱን የሚያንቀጠቅጡትን ተሳቢዎች ማለቷ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ሊያርማት አፉን ሲከፍት አያትየው በእጃቸው ዝም አሰኙት።

«መኪና ነዳጅ ያልቅበት የለም እንዴ?» አሏት።

«ይቀዳለታላ።»

«ሹፌሩስ አይተኛም?»

«ረዳቱ ይነዳላ፣ እማማ!»

አገር የሚሰጠው ማን እንደሆነ ክርክር ተነሣ።