ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ከመመለሻው የሚረዝም መንገድ

የአየር ርቀትን የሚያሰሉ ሰንጠረዦች ኪሎ ሜትሩን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለው ሰዓቱን ያወጣሉ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። በመልሱ ጉዞ ስሌቱ ይሠራል፤ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ በዚሁ ሰዓት ቦሌ ይገባል። ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል። (ትኬቱ ላይ ግን ማታ ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት የሚደርስ ስለሚመስል የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ነው የሚል አይጠፋም፤ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓቱን ልዩነት የዋሽንግተን ሰዓት ውጦት ነው።)

መሄጃው ለመርዘሙ ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ተሳፋሪውን፣ ሻንጣውንና ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሣት አይቻልም፤ አንዱ መቀነስ አለበት፣ የሚቀነሰውም ነዳጁ ነው። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሣል፣ ቦሌ ሲደርስም ነዳጁ አልቆ ቀሎ ስለሚያርፍ ከፍታው አያስቸግረውም። በዚህ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ አለ፤ የሄደውን ይጋፋል፣ የሚመለሰውን ይገፋል። ብዙ ነዳጅ የሚጠይቀው ጉዞ ብዙ ነዳጅ ከማያስነሣው ሜዳ መጀመሩ ነው ችግሩ።

ሰዓቱን ያረዘመው በአውሮፓ በኩል መዞሩ ነው የሚል ይኖራል። ካርታ ዘርግቶ ቀጥታ መስመር ላሰመረ ሰው እውነት ይመስላል፤ መስመሩ ሰሐራን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባልና። ምድር ግን ድቡልቡል ስለሆነች የአጭሩ መንገድ እኩሌታ ፖርቱጋል ላይ ይወድቃል። ለዓመታት ነዳጅ ይሞላባት በነበረችው ደብሊን በኩል ማለፍ እንኳ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ በአየር ላይ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው ለማረፍ በመውረድ፣ ነዳጅ በመቅዳትና እንደገና ወጥቶ ነፋሱን በመጋፈጥ ነው።

አዲስ አውሮፕላን ይፈታዋል የሚለው ሙግት ይበልጥ ያስኬዳል፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የመጣው ድሪምላይነር በወረቀት ላይ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ይህ ቁጥር ግን ሙሉ ክብደት ይዞ መነሣት ለሚቻልበት ሜዳ የወጣ ነው። መንደርደሪያውን ማርዘምም መላው በከፊል ነው፤ ቦሌ 3,800 ሜትር አለው፣ ጎማ ግን የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው፣ አንድ ሞተር ቢጠፋም አውሮፕላኑ ሽቅብ መውጣት መቻል አለበት። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ከነዳጁ የሚቀረው ይቀንሳል፤ ነፋሱን ግን አይለውጠውም።